ግፊት፣ ግምትና አቅም፤ የልብን ቀኝ ወገን በአልትራሳውንድ ስለ መመዘን በሚነገርባቸው ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

የሕክምና ጽሑፍ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ ተርጓሚውን የሚያስቸግረው አቻ ቃል የታጣለት ስያሜ ብቻ አለመሆኑን በዚህ ሙያ የተሰማሩ ሁሉ ያውቁታል። አቻ የታጣለት ስያሜ ችግሩን ደብቆ አያልፍም፤ ተርጓሚው ቆም ብሎ እንዲያስብ፣ ባለሙያ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። ይበልጥ የሚያሳስበው አቻ ያለው የሚመስለውና ብዕር ሳይቆም የሚጻፈው፣ ነገር ግን ሁለትና ሦስት ፅንሰ ሐሳቦችን በአንድ ቃል ጠቅልሎ የሚሄደው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው፣ በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ከመጠን በላይ በሚሆንበት ጊዜ የልብ ቀኝ ወገን እንዴት እንደሚሠራ በአልትራሳውንድ የሚመረምረው የሕክምና ዘርፍ ቋንቋ ነው። ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ የልብን ግራ ወገን ቫልቮች በማበላሸት በሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ እንዲል ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው። ሐኪም ፊት የተቀመጠ አማርኛ ተናጋሪ በአዲስ አበባ ከሐኪሙ፣ በውጭ ሀገር ደግሞ ከአስተርጓሚ የምርመራውን ውጤት በአማርኛ ይሰማል። የሚሰማቸው ቃላት ግን በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ መመሪያዎች የተቀዱ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የአሜሪካ የኢኮካርዲዮግራፊ ማኅበር በ2010 አውጥቶ በ2025 ያደሰው የልብ ቀኝ ወገን መመሪያ፣ እንዲሁም የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር ከአውሮፓ የመተንፈሻ አካላት ሕክምና ማኅበር ጋር በ2022 ያወጣው መመሪያ ይገኛሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጽሑፉ ጭብጥ አጭር ነው። በአማርኛችን «ግፊት» የሚለው አንድ ቃል በዚህ ዘርፍ የመጠኑም፣ የሕመሙም፣ አንዳንድ ጊዜም የልቡ ሁኔታ ስም ሆኖ ያገለግላል። ከዚህም የተነሣ ሦስት ልዩነቶች ይጠፋሉ፤ እነርሱም በመጠንና በሕመም፣ በመለካትና በመገመት፣ በሸክምና በአቅም መካከል ያሉት ናቸው። እነዚህ ልዩነቶች የጠፉበት ትርጉም ቃላቱ ሁሉ ትክክል ቢመስሉም ሕመምተኛውን ያሳስታል።

1. ስለ ነገሩ ጥቂት ማብራሪያ

የልብ ቀኝ ወገን ከሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብሎ ወደ ሳንባ ይልካል፤ ግራው ወገን ከሳንባ የመጣውን ተቀብሎ ለመላው ሰውነት ያሠራጫል። በጤነኛ ሰው ሳንባ ውስጥ ደም የሚያልፈው በዝቅተኛ ግፊት ነው። ሰውየው ዕረፍት ላይ ሳለ በሳንባ ደም ቅዳ ውስጥ ያለው አማካይ ግፊት 14 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። ስለዚህም የቀኝ ወገን የታችኛው ክፍል ግድግዳ ስስ ነው። የሳንባ ደም ሥሮች ሲጠቡ፣ ወይም የግራው ወገን ታምሞ ደሙ ወደ ኋላ ሲከማች፣ ይህ ስስ ግድግዳ ያልተፈጠረበትን ሸክም ይሸከማል። በመጀመሪያ ይወፍራል፤ ቀጥሎ ክፍሉ ይሰፋል፤ በመጨረሻም ይደክማል።

ይህ የልብ ወገን ለረጅም ጊዜ ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። በ1943 በአሜሪካ በውሾች ላይ በተደረገ ሙከራ የቀኙ ክፍል ግድግዳ በእሳት ተተኩሶ ሳለ የደም መልሶች ግፊት እምብዛም አለመጨመሩ ስለ ታየ፣ ቀኙ ወገን ያን ያህል አያስፈልግም የሚል አስተሳሰብ ሰፍኖ ነበር። ዛሬ ግን በሳንባ ግፊት ሕመም የተያዘ ሰው ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው ቀኙ ወገን ሸክሙን መቋቋም በመቻሉና ባለመቻሉ እንደሆነ ይታወቃል። በ1953 ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትዝ በስዊድን፣ በሉንድ ከተማ፣ የልብን እንቅስቃሴ በአልትራሳውንድ መመዝገብ ከጀመሩ ወዲህ፣ ይህን የልብ ወገን ደረት ሳይከፈት ማየት ተችሏል።

ወደ ስያሜዎቹ ከማለፋችን በፊት አማርኛው የታደለበትን አንድ ነገር ማመስገን ይገባል። ከልብ ደም የሚወስደውን ሥር «ደም ቅዳ»፣ ወደ ልብ የሚያመጣውን «ደም መልስ» እንላለን። ብዙ ተማሪዎች ደም ቅዳ ማለት ንጹሕ አየር የተሸከመ ደም የሚሄድበት ነው ብለው ያጠኑና፣ በሳንባው ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ደም እንዲህ አለመሆኑን ሲሰሙ ግራ ይጋባሉ። የአማርኛው ስያሜ ግን የተመሠረተው በጉዞው አቅጣጫ ላይ እንጂ በደሙ ዐይነት ላይ ስላልሆነ፣ «የሳንባ ደም ቅዳ» ስንል ያለ አንዳች ማስተካከያ እውነት ሆኖ ይገኛል። ጥሩ ስያሜ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

2. መጠንና ሕመም

«ደም ግፊት» በዕለት ተዕለት አነጋገር ሁለት ትርጉም አለው። «ደም ግፊቱ ስንት ነው?» ሲባል መጠን ነው፤ «ደም ግፊት አለበት» ሲባል ሕመም ነው። በተለመደው የደም ግፊት ረገድ ዐውዱ ስለሚረዳን ችግሩ አይሰማንም። ወደ ሳንባ ስንሻገር ግን «የሳንባ ደም ግፊት» የሚለው ሐረግ ሁለት ጉዳት ያደርሳል።

አንደኛ፣ ሐረጉ የመጠኑ ስም ይሁን የሕመሙ አይለይም። የሳንባ ደም ግፊት የሌለው ሕያው ሰው የለም፤ «የሳንባ ደም ግፊት የለብህም» ማለት እንደ መጠን ከተወሰደ ትርጉም የለሽ ነው። ሁለተኛ፣ ሐረጉ የተሳሳተ መለኪያ ይጠራል። አማርኛ ተናጋሪው ደም ግፊት ሲባል በክንድ ላይ የሚለካውን 120 በ80 ያስባል። የሳንባው ግፊት 60 ነው ቢባል ዝቅ ያለ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በዚህ ላይ በአልትራሳውንድ የሚገኘው የላይኛው ግፊት ሲሆን፣ የሕመሙ ብያኔ የቆመው በአማካዩ ላይ ነው። «ላይኛው» ወይም «አማካይ» የሚል ገላጭ ያልታከለበት ቁጥር ከምን ጋር እንደሚነጻጸር አይታወቅም።

የቋንቋው መፍትሔ ከሕዝቡ አፍ የሚገኝ ይመስለኛል። ይኸውም «ደም ብዛት» የሚለው ስያሜ ነው። ስያሜው በፊዚክስ ዐይን ሲታይ ትክክል አይደለም፤ የበዛው ደሙ ሳይሆን ግፊቱ ነውና። ነገር ግን አንድ ታላቅ ጥቅም አለው፤ «ብዛት» የሚለው ቃል ነገሩ ከልኩ ማለፉን ስለሚናገር መጠኑን ከሕመሙ ይለያል። «ጨው በዛበት»፣ «ሙቀት በዛ» እንደምንለው ሁሉ «ግፊት በዛ» ማለት ከአማርኛ ጠባይ ጋር ይስማማል። ስለዚህ መጠኑን «የሳንባ ደም ቅዳ ግፊት»፣ ሕመሙን ደግሞ «የሳንባ ግፊት ብዛት» ብንል ሁለቱ ይለያያሉ።

ይህ ስያሜ ሌላም ጥቅም አለው። የሕመሙ ወሰን ቁጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ ተለውጧል። በ1973 በጄኔቭ የዓለም ጤና ድርጅት በጠራው ስብሰባ ወሰኑ በ25 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አማካይ ግፊት ላይ ተተክሎ ነበር። በ2018 በኒስ የተደረገው የዓለም ጉባኤ ከ20 በላይ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ፤ የ2022ቱ የአውሮፓ መመሪያም ይህንኑ ተቀበለ። «ብዛት» ቁጥር ስለማይጠራ ወሰኑ ቢለወጥ ስያሜው አይፈርስም።

መመሪያው ሕመሙን እንደ መንሥኤው በአምስት ክፍል ይመድበዋል። በእንግሊዝኛው የአንደኛው ክፍል ስም ከጠቅላላው ስም የሚለየው «የደም ቅዳ» በሚል አንድ ቅጽል ብቻ በመሆኑ፣ በእንግሊዝኛ አንባብያን ዘንድ ሳይቀር መምታታት ይፈጥራል። በአምስቱም ክፍሎች የበዛው ግፊት የሚገኘው በዚያው በደም ቅዳው ውስጥ ነውና ቅጽሉ መለያ ሊሆን አይችልም። አማርኛ ይህን ድክመት የሚወርስበት ምክንያት የለም። «በደም ቅዳ ሕመም የመጣ የሳንባ ግፊት ብዛት»፣ «በልብ ግራ ወገን ሕመም የመጣ የሳንባ ግፊት ብዛት»፣ «በሳንባ ሕመም የመጣ የሳንባ ግፊት ብዛት» እያልን ብንሰይም «የመጣ» የሚለው ግሥ መንሥኤውን በግልጽ ያሳያል። ስያሜው ረዘመ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ለአንደኛው ክፍል የሚሰጠው መድኃኒት ለሁለተኛው ጎጂ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ግን በሁለት ቃላት ርዝመት የሚከራከር አይመስለኝም።

3. መለካት፣ መገመት፣ መመዘን

የእንግሊዝኛው መመሪያ በርእሱም በውስጡም ደጋግሞ የሚጠቀምበት አንድ ግሥ መለካትንም፣ ማስላትንም፣ ጠቅላላ ፍርድ መስጠትንም ያቅፋል። አማርኛው ለእነዚህ የየራሳቸው ግሦች ስላሉት ይህን አጠቃላይ ግሥ በአንድ አቻ ለመተካት መሞከር የራስን ሀብት እንደ መጣል ይቆጠራል።

ምርመራው እንዴት እንደሚካሄድ እንመልከት። ግፊቱ በበዛ ጊዜ፣ በቀኙ ወገን በሚገኘውና ትራይከስፒድ በሚባለው ቫልቭ በኩል ጥቂት ደም ወደ ኋላ ይመለሳል። መሣሪያው የዚህን ደም ፍጥነት ይለካል። የፍጥነቱ ዳግም ርቢ በ4 ሲባዛ በቫልቩ ሁለት ወገኖች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ይገኛል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 3 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 36 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ በቀኙ የላይኛ ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ይደመራል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ደግሞ የሚገኘው ከታችኛው የሰውነት ክፍል ደም የሚያመጣውን ትልቁን ደም መልስ በማየት ነው። ወርዱ ከ21 ሚሊ ሜትር ካልበለጠና በትንፋሽ ጊዜ ከግማሽ በላይ ከተጨማደደ 3፣ ወርዱ ከዚያ በልጦ ከግማሽ በታች ከተጨማደደ 15፣ በመካከሉ ከሆነ 8 ይሰጠዋል።

እንግዲህ በመጨረሻ የሚገኘው የግፊት ቁጥር በስሌት ላይ የተደረበ ግምት ነው። የድምፁ ሞገድ ከደሙ አቅጣጫ ጋር ሳይገጥም ቀርቶ በ3 ሜትር ፈንታ 2.7 ቢነበብ፣ 36 የነበረው ወደ 29 ይወርዳል፤ የፍጥነቱ ስሕተት በዳግም ርቢው ይባዛልና። የ2022ቱ መመሪያ ከተሰላው ግፊት ይልቅ የተለካውን ፍጥነት ዋና መመዘኛ ያደረገውም ስለዚሁ ነው። የግፊቱ እውነተኛ ልክ የሚገኘው ካቴተር በደም መልስ በኩል ወደ ልብና ወደ ሳንባ ደም ቅዳ ገብቶ ሲለካው ነው፤ የሕመሙ ብያኔም የቆመው በዚህ ልኬት ላይ ነው። ሆኖም ካቴተሩ የአልትራሳውንድ መሣሪያ በሚገኝበት ቦታ ሁሉ አይገኝም። ካቴተሩ በሌለበት «ግፊቱ 50 ተለካ» ተብሎ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር የመጨረሻ ፍርድ ይሆናል፤ አስቀድሞ የተፈረደበትን ነገር ደግሞ ሊያጣራ የሚነሣ የለም።

አንዳንድ ሐኪሞች «ግምት» የሚለው ቃል ምርመራውን ያቃልላል ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው፤ «በግምት» ሲባል እንዲያው በደፈናው ማለት ይመስላል። መፍትሔው ግን ግምቱን ልኬት ብሎ መጥራት ሳይሆን «በስሌት የተገኘ ግምት» ብሎ ክብሩን መጠበቅ ነው። ደግሞም ምርመራው ራሱ የሚለካቸው ነገሮች አሉት። ፍጥነት፣ ርቀት፣ ወርድና ስፋት በእርግጥ ይለካሉ፤ ግፊት ይገመታል፤ የሁሉም ድምር የሆነው የልብ ሁኔታ ይመዘናል። አንድ ዘገባ ሦስቱንም ግሦች በየቦታቸው ቢይዝ አንባቢው የእያንዳንዱን ቃል ጥንካሬ ከግሡ ብቻ ይረዳል።

በዚሁ ረገድ መመሪያው የሚጠቀምበት የ«ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ» ደረጃ አተረጓጐም ሊታሰብበት ይገባል። የፍጥነቱ ልክ ከ2.8 ሜትር ካልበለጠና ሌላ ምልክት ከሌለ ሕመሙ የመኖሩ ነገር ዝቅተኛ፣ ከ2.9 እስከ 3.4 ከሆነና ሌላ ምልክት ከሌለ መካከለኛ፣ ከ3.4 ከበለጠ ከፍተኛ ነው። ይህን «ከፍተኛ ዕድል» ብሎ መተርጐም የተለመደ ነው። ነገር ግን «ዕድል» በአማርኛ መልካም ነገር የሚጠበቅበት ቃል ነው፤ ለሕመምተኛ «ከፍተኛ ዕድል አለህ» ማለት መርዶን በምሥራች ቃል መናገር ነው። «ጥርጣሬ» ደግሞ በሁለት ወገን የተሳለ ቃል ነው፤ «ሕመሙ መኖሩ ያጠራጥራል» ቢባል አንባቢው የለም ማለት ነው ብሎ ሊረዳ ይችላል። እኔ የምደግፈው ስምን ትቶ ወደ ግሥ መሄድን ነው። አማርኛ ለእነዚህ ሦስት ደረጃዎች የተዘጋጀ አነጋገር አለው፤ «የሚኖር አይመስልም»፣ «ሊኖር ይችላል»፣ «ሳይኖር አይቀርም»። ተርጓሚው ስምን በስም የመተካት ልማዱን ሲተው ብዙ ጊዜ ቋንቋው ራሱ መንገዱን ያሳየዋል።

4. ሸክምና አቅም

ሦስተኛው ልዩነት ከሁሉም የከበደ ነው። ሕመሙ በ«ግፊት» ስለ ተሰየመ፣ ግፊቱ ሲቀንስ ሕመሙ የቀለለ ይመስላል። ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ልቡ እየደከመ ሲሄድ የሚገፋው ደም ስለሚያንስ በሳንባው ደም ቅዳ ውስጥ ያለው ግፊት ሊወርድ ይችላል፤ ሕመሙ ግን እየባሰ ነው። ተሸካሚ ሲደክመው ጆንያውን መሬት ላይ ቢጥለው ጫንቃው ቀለለ እንጂ ጉልበቱ ተመለሰ አይባልም። በትርጉሙ ውስጥ ሸክሙንና አቅሙን የሚለዩ ሁለት ቃላት ከሌሉ ይህን ለሕመምተኛ ማስረዳት አይቻልም።

ለአቅሙ በብዙ ጽሑፎች «የቀኝ ልብ ተግባር» ሲባል ይታያል። «ተግባር» የሚሠራ ሥራን ወይም የተሰጠን ኀላፊነት እንጂ የመሥራት ችሎታን አይገልጥም፤ «ተግባሩ ቀነሰ» ሲባል ሥራ የተነሣለት ያስመስላል። «ቀኝ ልብ» የሚለውም እንግሊዝኛውን ቃል በቃል የተከተለ ሲሆን፣ ሰው ሁለት ልብ ያለው ያስመስላል። «የልብ ቀኝ ወገን የሥራ አቅም» ማለት የተሻለ ነው። በአንጻሩ «የልብ ድካም» የሚለውን ሕዝባዊ ስያሜ ማንም እንዳይነካው አደራ እላለሁ፤ በእንግሊዝኛው ያለው የውድቀት አነጋገር ልቡ ጨርሶ የቆመ ሲያስመስል፣ «ድካም» ግን እየሠራ የዛለ ልብን በትክክል ይስላል።

የአቅሙ መለኪያዎች ስምም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። «ታፕሲ» እየተባለ በምኅጻር የሚጠራው ልኬት፣ የትራይከስፒድ ቫልቭ የተተከለበት ቀለበት ልብ ሲኮማተር ወደ ልቡ ጫፍ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚጓዝ ያሳያል፤ ከ17 በታች ከሆነ አቅሙ እንደ ቀነሰ ይቆጠራል። «የቫልቭ ቀለበት ጉዞ» ብንለው ምኅጻሩ የሚደብቀውን ነገር ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ይኸውም የሚለካው የአንድ ነጥብ ጉዞ እንጂ የመላው ክፍል አቅም አለመሆኑን ነው። ሌላው መለኪያ ክፍሉ ሲኮማተር ስፋቱ ከመቶ ስንት እንደሚቀንስ ያሰላል፤ ከ35 በታች ጤናማ አይደለም። እዚህ ላይ «ስፋት» ለመላው ገጽ ብቻ፣ ለአንድ አቅጣጫ ልክ ግን «ወርድ» እንድንል ያስፈልጋል፤ በንግግር ሁለቱ ይቀላቀላሉና።

በ«ስትሬን» ላይ ያለው ስሕተት ከዚህ የባሰ ነው። ቃሉን «ጫና» ወይም «ውጥረት» ብሎ መተርጐም ይቀናል፤ የቃሉ ተራ ፍቺ ወደዚያ ይስባልና። ነገር ግን በዚህ ዘርፍ የሚለካው ጡንቻው ከመነሻ ርዝመቱ ከመቶ ስንት እንዳጠረ ነው። «ጫና» ብሎ የተረጐመ ሰው የአቅምን መለኪያ የሸክም መለኪያ አድርጎታል፤ አንባቢው ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ልቡ የተሻለው ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ተገላቢጦሹ ነው። «የጡንቻ ማጠር መጠን» ማለት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

መመሪያው ሸክምንና አቅምን በአንድነት የሚያይበት ስሌትም አለው። የቀለበቱ ጉዞ በሚሊ ሜትር ተወስዶ በስሌት ለተገመተው የላይኛ ግፊት ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ0.55 ካነሰ የሳንባ ግፊት ብዛት መኖሩን ከሚጠቁሙት ምልክቶች አንዱ ነው። የሁለት ሕመምተኞች ቀለበት እኩል 18 ሚሊ ሜትር ቢጓዝ፣ የአንደኛው ግፊት 30፣ የሁለተኛው 60 ቢሆን፣ ውጤቱ 0.6 እና 0.3 ይሆናል። ስሙን «የአቅምና የሸክም ምጥጥን» ብንለው የስሌቱ አሳብ በስሙ ውስጥ ይገኛል።

5. ስለ ውሰት ቃላት

በሀገራችን የስያሜ ሥራ አስቀድሞ ከአማርኛው፣ ቀጥሎ ከግዕዝና ከሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች፣ በመጨረሻም ከውጭ ቋንቋ መፈለግ የተለመደ ነው። ይህ ሥርዓት መልካም ነው፤ ሆኖም ሕዝቡ የተቀበለውን ቃል ለመንቀል ምክንያት ሊሆን አይገባም። «አልትራሳውንድ» በየጤና ጣቢያው የሚነገር ቃል ነው። በምትኩ «ልዕለ ድምፅ» ቢባል፣ ከድምፅ የፈጠነ በረራንና ጆሮ ከሚሰማው የቀጠነ ድምፅን ያቀላቅላል፤ የመጀመሪያው የፍጥነት፣ ሁለተኛው የድግግሞሽ ጉዳይ ነው። «ኢኮ»ንም በ«ገደል ማሚቶ» ለመተካት የሚሻ ቢኖር፣ ቃሉ ቢያምርም ሕመምተኛው ከሐኪም ቤት ይልቅ ወደ ሸለቆ የተላከ ይመስለዋል። በአንጻሩ «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» ባሉበት ቦታ የውጭውን ቃል ማምጣት ምክንያት የለውም።

መደምደሚያ

የተባለውን በሥራ ለማሳየት ለምሳሌ ያህል የተዘጋጁ ሁለት ዘገባዎችን እናነጻጽር። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፤ «የሳንባ ደም ግፊት 52 ተለክቷል። የቀኝ ልብ ተግባር ቀንሷል። የሳንባ ደም ግፊት ከፍተኛ ዕድል አለ።» ሁለተኛው እንዲህ ይላል፤ «በትራይከስፒድ ቫልቭ በኩል ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም ፍጥነት በሴኮንድ 3.5 ሜትር ተለክቷል። ከዚህም የሳንባ ደም ቅዳ የላይኛ ግፊት 52 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል እንደሚሆን በስሌት ተገምቷል። የቫልቩ ቀለበት ጉዞ 15 ሚሊ ሜትር ተለክቷል። ሁሉም በአንድነት ሲመዘን የልብ ቀኝ ወገን የሥራ አቅም ቀንሷል፤ የሳንባ ግፊት ብዛትም ሳይኖር አይቀርም። መኖሩን ለማረጋገጥ ግፊቱ በካቴተር መለካት ይኖርበታል።»

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይረዝማል። ነገር ግን በእርሱ ውስጥ ምን እንደ ታየ፣ ምን እንደ ተሰላ፣ ምን እንደ ቀረ ተለይቶ ይታያል፤ ሕመምተኛውም ሆነ ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም የሚቀጥለውን እርምጃ ከዘገባው ያገኘዋል። በመጀመሪያው ግን ነገሩ ያለቀ ይመስላል። እዚህ የቀረቡት ስያሜዎች ሊሻሻሉ፣ በሌሎችም ሊተኩ ይችላሉ፤ የሐኪሞችና የተርጓሚዎች አስተያየት እንደሚያቃናቸው አምናለሁ። ስያሜዎቹ ቢለወጡም ሦስቱ ልዩነቶች ግን መጠበቅ አለባቸው። ግፊት ብቻውን ሕመም አይደለም፤ ግምት ልኬት አይደለም፤ የሸክም መቅለልም ሁልጊዜ የአቅም መመለስ አይደለም።